የቅዱሳን ክብርና የቅድስና ጥሪ፦ የካቶሊክን ትምህርት ከደብረ ታቦር ሆኖ ማንበብ

በደቡብ ጎንደር ስለ ቅዱሳን የሚነሣው ጥያቄ ከመጽሐፍ አይጀምርም፤ ከቤት ይጀምራል። በወሩ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ24 ተክለ ሃይማኖት ይዘከራል። የማኅበሩ ጽዋ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። የእናቱ ተራ ሲደርስ ወንጌልን ያመነው ልጅ ምን ያድርግ? ዝክሩን ያቅርብ፣ እንግዳ ይቀበል? ወይስ ያን ቀን ከቤት ይጥፋ? በደብረ ታቦር፣ በወረታ፣ በአዲስ ዘመን፣ በንፋስ መውጫና በእስቴ የምታገለግሉ መጋቢዎች ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። የምንሰጠውም መልስ በአብዛኛው አንድ ነው፦ በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ያለው መካከለኛ አንድ ኢየሱስ ክርስቶስ ነው (1ጢሞ. 2፥5)። መልሱ እውነት ነው፤ የምንሞትበትም እውነት ነው። ነገር ግን የጥያቄውን ግማሽ ብቻ ይመልሳል። ሰዎች በቅዱሳን ስም የሚሰበሰቡት ለምልጃ ብቻ አይደለም። ቅድስና የሚባለው ነገር በሥጋ ለባሽ ሰው ላይ ታይቶ ያውቃል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ ስለሚፈልጉም ነው። ምልጃውን ነቅለን ስንጥል ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ያለ መልስ ትተነዋል።

በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ነው። ካቶሊኮች በአካባቢያችሁ ጥቂቶች ናቸው፤ ለአማራው ክልል የሚያገለግለው የባሕር ዳር - ደሴ ሀገረ ስብከት የተቋቋመው ገና በ2015 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሆኖም ስለ ቅዱሳን ክብር ጉዳዩን በጉባኤ ወስኖ፣ ቃላቱን ለይቶ፣ ለተቺው በግልጥ ያስቀመጠ ትምህርት የምናገኘው ከእነርሱ ዘንድ ነው። ተቃዋሚን በደካማው ንግግሩ ሳይሆን በጠንካራው መመዘን ይገባል። ከዚህ በላይ ደግሞ ካቶሊኮች ሰማዕታት ብለው የሚያከብሯቸው ሰዎች ደም የፈሰሰው እዚሁ በጎንደር ምድር ነው። በ1638 የተገደሉት ካፑቺናውያን አጋታንጀሎስና ካሲያኖስ በ1905፣ በ1716 በጎንደር በድንጋይ የተወገሩት ሦስቱ ፍራንሲስካውያን ደግሞ በ1988 ከብፁዓን ተቆጥረዋል። ከሁሉም ይልቅ ለእኛ ቅርብ የሆነው ግን የአገራችን ልጅ አባ ገብረ ሚካኤል ነው።

አባ ገብረ ሚካኤል

ገብረ ሚካኤል በ1791 ገደማ በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አካባቢ ተወለደ። አንድ ዓይኑን ያጣው በልጅነቱ ነው። ለትምህርት የተሰጠ ሰው ነበርና በመርጡለ ማርያም መነኮሰ። ከመነኮሰ በኋላ ግን አንድ ነገር ዕረፍት ነሣው፤ የሚያየው የምንኵስና ኑሮ ላልቶ ነበር። ጥንት ምን ይመስል እንደ ነበር ለማወቅ ከገዳም ወደ ገዳም እየዞረ መጻሕፍት ይመረምር ጀመር። ያ ፍለጋ ጎንደር አደረሰው፤ በዘመኑ ሊቃውንቱን በቅባትና በጸጋ፣ በካራም ከፋፍሎ ወደ ነበረው ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ክርክርም አስገባው። በ1841 ከግብጽ ጳጳስ ለማምጣት ደጃዝማች ውቤ ልዑካን ሲልኩ አብሮ ወረደ። የልዑካኑ መሪ ኢጣሊያዊው የላዛሪስት ማኅበር ካህን ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ፣ በሕዝቡ አጠራር አቡነ ያዕቆብ፣ ነበር። ከካይሮ አልፈው ሮም ድረስ ሄዱ። ገብረ ሚካኤል በ1844 ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ በ1851 በዴ ያቆቢስ እጅ ቅስና ተቀበለ፤ በ1854 ደግሞ በጎንደር ታሰረ።

ያሳሰሩት አቡነ ሰላማ ናቸው። እኚህ ጳጳስ በወጣትነታቸው የተማሩት በካይሮ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሚስዮን ትምህርት ቤት እንደ ነበር ልብ በሉ። ገብረ ሚካኤል እግሩ በግንድ ታሰረ፤ ተገረፈ፤ የጳጳሱን የእምነት ቃል ቢቀበል እንደሚፈታም ተነገረው። አልተቀበለም። በ1855 በአዲሱ ንጉሠ ነገሥት በዐፄ ቴዎድሮስ ፊት ቀርቦ ሞት ተፈረደበት፤ የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ስለ ለመነለት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ሰንሰለቱን እየጎተተ ከሠራዊቱ ጋር ተጓዘ። በዚያው ዓመት በመንገድ ላይ ሞተ፤ ጠባቂዎቹም እዚያው ቀበሩት። ዐፅሙ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በዚያው በ1855 ዮሐን ክራፕፍና ማርቲን ፍላድ ከቴዎድሮስና ከአቡነ ሰላማ ጋር ተገናኝተው ለወንጌላውያን ሚስዮናውያን መግቢያ በር እየከፈቱ ነበር። ከክሪሾና የመጡት የእጅ ባለሙያዎች ወደ ደብረ ታቦር አጠገብ ወደ ጋፋት የገቡት በዚያ በር ነው። እነ ቫልድማየር ለንጉሡ መድፍ አቅልጠው የሠሩበትን፣ ሴባስቶፖል የተወለደበትን ጋፋትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የታሪክ መጽሐፎቻችን የጋፋትን ሰዎች የወንጌል ዘር የዘሩ አድርገው ይጽፋሉ፤ መጽሐፍ ቅዱስም ስላከፋፈሉ ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ያው ንጉሥ፣ ያው ጳጳስ፣ ያው ዓመት እንደ ነበር የሚያስታውስ አንባቢ ከእኛ መካከል ስንት ነው? አንዱ መነኩሴ በግንድ ሲታሰር የእኛ ሰዎች ፈቃድ እየተቀበሉ ነበር። ይህን የምጽፈው ሚስዮናውያኑን ለመክሰስ አይደለም፤ ማሰሩ የእነርሱ ሥራ አልነበረምና። የምጽፈው ገብረ ሚካኤል የታሰረበትን የእምነት ቃል ስንመለከት ዝም ማለት ስለማንችል ነው። ክርስቶስ ፍጹም አምላክ ፍጹም ሰው፣ በሁለት ባሕርይ የሚታወቅ አንድ አካል ነው ብሎ ነበር የታሰረው። ይህን በሴሚናሪያችን በነገረ ክርስቶስ ክፍል የምታስተምሩት እናንተ ናችሁ። እርግጥ ለሮም መታዘዝንም አብሮ ይዟል፤ በዚህ አንከተለውም። ግን ከሰንሰለቱ ላይ የእኛንና የእነርሱን ለይቶ መቁረጥ ቀላል አይደለም።

ሮም በ1926 ብፁዕ ብላ ዐወጀችው። ቃሉ በአገራችን ጆሮ ሌላ ነገር እንደሚያሰማ አትርሱ። ደብረ ታቦር ላይ ብፁዕ ሲባል ሰው ጳጳስ ይመስለዋል፤ በካቶሊክ አጠራር ግን ብፁዕ ማለት ቅዱስ ተብሎ ለመጠራት አንድ ደረጃ የቀረው ማለት ነው። መምህሩ ዴ ያቆቢስ በ1939 ብፁዕ፣ በ1975 ደግሞ ቅዱስ ተብሏል። ደቀ መዝሙሩ ግን ከመጀመሪያው ደረጃ አላለፈም። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለሳለሁ።

ትምህርቱ በትክክል ምን ይላል?

ከመድረክ ላይ ካቶሊኮች ቅዱሳንን ያመልካሉ ስንል ራሳቸው ከጻፉት ጋር እንጋጫለን። እነርሱ ለእግዚአብሔር ብቻ የሚገባውን አምልኮ ላትሪያ፣ ለቅዱሳን የሚሰጠውን አክብሮት ዱሊያ፣ ለማርያም የሚሰጠውን ከፍ ያለ አክብሮት ሂፐርዱሊያ ብለው ይለያሉ። በእኛም አገር የአምልኮ ስግደትና የአክብሮት ስግደት ተብሎ የሚለየው ከዚህ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ በመጽሐፍ ላይ ግልጥ ነው፤ ችግሩ በጉልበት ላይ ነው። ሁለቱም ሰገደ በሚለው በአንድ ግሥ ይነገራሉ፤ የሚንበረከከውም አንድ ሰው ነው። ሆኖም ተቃውሟችንን ያላሉትን በማለት አንጀምር።

የትሬንት ጉባኤ በ1563 ባደረገው በመጨረሻው ስብሰባ ቅዱሳንን መለመን መልካምና ጠቃሚ ነው ብሎ ወሰነ። መልካምና ጠቃሚ አለ እንጂ ለመዳን የግድ ነው አላለም። ከ400 ዓመት በኋላ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 ባወጣው ሉሜን ጌንሲዩም በተባለው ሰነድ በሰባተኛው ምዕራፍ ከቅዱሳን ሦስት ነገር እንደሚፈለግ ያስረዳል፦ ከኑሯቸው አርአያ፣ ከአንድነታቸው ኅብረት፣ ከምልጃቸው እርዳታ። ያው ምዕራፍ እውነተኛው የቅዱሳን አክብሮት በውጫዊ ሥራዎች ብዛት ሳይሆን በፍቅር ጽናት እንደሚገለጥ ተናግሮ፣ ከልክ ያለፈ ልማድ ካለ እንዲታረም ያዝዛል። የእኛ ሰባኪዎች ይህን ክፍል ቢያነቡ ግማሹን ስብከታቸውን እዚያ ያገኙታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በኢትዮጵያ ገድላት ውስጥ ጌታ ለቅዱሱ ቃል ኪዳን ገባለት፣ ስሙን የጠራውን፣ ዝክሩን ያደረገውን እስከዚህ ትውልድ ድረስ ይምርለታል የሚል ነገር በብዛት እናነባለን። ይህ የካቶሊክ የጉባኤ ትምህርት አይደለም። የሴሚናሪ ተማሪዎች በጽሑፎቻቸው ሁለቱን ሲቀላቅሉ አያለሁ፤ ይህ ለክርክር አይበጅም፤ ከዚያም በላይ በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከር ነው።

በታቦር ተራራ ላይ

ከተማችሁ ስሟን ያገኘችው ጌታ ከተለወጠበት ተራራ ነው፤ በነሐሴ 13 ቡሄ ሲከበር፣ ልጆቹ ጅራፋቸውን ሲያጮኹ፣ ስሟ ሁለት ጊዜ ይጠራል። ስለዚህ ክርክሩን እዚያው ተራራ ላይ ብናደርገው ደስ ይለኛል። በእኔ ግምት በወንጌላት ውስጥ ስለ ሞቱ ቅዱሳን ለሚደረገው ክርክር ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፤ የሚገርመው ደግሞ በሁለቱም ወገን እምብዛም አለመጠቀሱ ነው።

መጀመሪያ ለካቶሊኮች የሚያደላውን እንቀበል። ሙሴና ኤልያስ በክብር ታይተዋል፤ ሕያዋን ናቸው፤ ስለ ኢየሱስ መውጣት ከራሱ ጋር ይነጋገራሉ (ሉቃ. 9፥30-31)። በምድር ያለው የማዳን ሥራ አልተረሳቸውም። በደብረ ታቦር ከብዙ ዓመታት በፊት ሆስፒታል የከፈቱት አድቬንቲስቶች የሙታን ነፍስ እስከ ትንሣኤ ድረስ ምንም አታውቅም ብለው ያስተምራሉ፤ ኤልያስ ሞትን አልቀመሰም፣ ሙሴም ከሞት ተነሥቷል በማለት ይህን ክፍል ያልፉታል። የማያውቅ ሰው አይለመንም፤ የምልጃ ጥያቄ በዚያው ያልቃል። ከእኛም መካከል ይህን አጭር መንገድ የሚመኙ አሉ። ነገር ግን ከሥጋ ተለይቶ ከክርስቶስ ጋር መሆንን የናፈቀውን ጳውሎስን (ፊል. 1፥23) ይዘን በዚያ መንገድ መሄድ አንችልም። ቅዱሳን በጌታ ፊት ሕያዋን ናቸው።

እንግዲህ ተራራው ላይ ማን ከማን ጋር ተነጋገረ? ሁለቱ ቅዱሳን የሚነጋገሩት ከኢየሱስ ጋር ነው፤ ለሐዋርያት አንድ ቃል እንኳ አልተናገሩም። ጴጥሮስም ለእነርሱ አልተናገረም። ሦስት ዳስ እንሥራ የሚለውን ያልበሰለ አሳቡን ያቀረበው እንኳ ለኢየሱስ ነው፤ ፈቃድህ ቢሆን ብሎ የጠየቀው እርሱን ነው (ማቴ. 17፥4)። ሙሴ አጠገቡ ቆሞ ሳለ ሙሴን አልለመነም። ከዚያ ከደመናው የመጣው ድምፅ እርሱን ስሙት አለ፤ ቀና ሲሉም ከኢየሱስ ብቻ በቀር ማንንም አላዩም። የቅዱሳን ኅብረት እዚህ አለ፤ ክብራቸውም አለ፤ ወደ እነርሱ የሚቀርብ ጸሎት ግን የለም።

ጥሩ የካቶሊክ መምህር እዚህ ላይ ዝም አይልም። አለመጠየቁ አለመፈቀዱን አያሳይም ይላል። በሕይወት ያለውን ወንድም ጸልይልኝ ትለው የለም እንዴ፤ ሞት ከክርስቶስ ፍቅር የማይለይ ከሆነ (ሮሜ 8፥38-39) ከአካሉ ስለ ምን ይለየዋል? ይላል። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ ምእመናኖቻችንም ይሰሙታል። መልሱ ወንድሜን ስለምንበት የሚሰማኝ ጆሮ አለው የሚል ነው፤ ያም መንገድ በእግዚአብሔር ቃል ታዝዟል (ያዕ. 5፥16)። በጋይንትና በሮም፣ በአንድ ሰዓት፣ በልብ የሚለመን ቅዱስ ግን እንዴት ይሰማል? ቶማስ አኵዊናስ ቅዱሳን የሚገባቸውን ያህል በእግዚአብሔር ፊት ያውቃሉ፣ እርሱ ይገልጥላቸዋልና ብሎ ይመልሳል። እንግዲህ ጸሎቴ መጀመሪያ ለእግዚአብሔር ይደርሳል፤ እርሱ ለቅዱሱ ይነግረዋል፤ ቅዱሱም መልሶ ለእግዚአብሔር ይለምናል ማለት ነው። እግዚአብሔር ይህን ማድረግ አይችልም አልልም። አደርገዋለሁ ብሎ ግን ተስፋ አልሰጠም። ሜላንክቶን የአውግስበርግን የእምነት መግለጫ ሲከላከል የያዘው ነጥብ ይኸው ነበር። ቅዱሳን በሰማይ ስለ ቤተ ክርስቲያን በጠቅላላ ይጸልዩ ይሆናል ብሎ እስከ መቀበል ደርሷል፤ ነገር ግን ጸሎት ያለ እምነት አይሆንም፣ እምነትም ያለ ተስፋ ቃል አይቆምም አለ። ክርክራችን ሰማያት ባዶ ናቸው የሚል አይደለም።

በራእይ 5፥8 ሽማግሌዎቹ የቅዱሳንን ጸሎት በዕቃ ይዘዋል፤ የተነገረው መያዛቸው ነው፤ የተለመኑት እነርሱ መሆናቸው አልተነገረም። ሁለተኛው የካቶሊኮች ማስረጃ ሟቹ ኤርምያስ ስለ ሕዝቡ ሲጸልይ የታየበት ሁለተኛው የመቃብያን መጽሐፍ ነው (15፥12-16)። በዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። በሰማንያ አሐዱ ውስጥ መቃብያን የሚባሉት መጻሕፍት ካቶሊኮች ከሚጠቅሱት ከግሪኩ መጽሐፍ የተለዩ ናቸው፤ ስሙ አንድ ሆኖ ታሪኩ ሌላ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ከሁለቱ ወገኖች ጋር በአንድ ጊዜ የሚከራከር ወንጌላዊ ይህን ሳያውቅ ቢገባ ያፍራል።

በአገራችን ግን ምልጃ ከመጽሐፍ ይልቅ በኑሮ ይታመናል። ደብረ ታቦር የራስ ጉግሣና የራስ አሊ መቀመጫ ነበረች። ከገዢ ፊት ለመድረስ ደጅ መጥናት፣ ባለሟል መያዝ፣ አማላጅ መላክ ግድ ነበር። እንዲህ በኖረ ሕዝብ ዘንድ ወደ ሰማይ ንጉሥ ያለ አማላጅ መግባት ድፍረት ይመስላል፤ አሮጊቷ ማን ነኝና ስትል ትሕትናዋ እውነተኛ ነው። ስለዚህ አማላጅ አያስፈልግም ብሎ መስበክ ስሕተት ነው፤ ያስፈልጋል። ደፍረን ወደ ጸጋው ዙፋን እንድንቀርብ የሚያደርገን ሊቀ ካህናት ስላለን እንጂ (ዕብ. 4፥14-16) ንጉሡ ስላነሰ ወይም እኛ ስለ ከበርን አይደለም። ይህን ሳንነግራት ቅዱሳኖቿን ብንወስድባት ደጅ ላይ ጥለናት ሄድን ማለት ነው።

ቅድስና የማን ነው?

ሉሜን ጌንሲዩም በአምስተኛው ምዕራፍ ቅድስና የመነኮሳትና የካህናት ብቻ አይደለም፤ ባልና ሚስት፣ ሠራተኛው፣ ድኻው፣ ሕመምተኛው፣ ስለ ጽድቅ የሚሰደደው ሁሉ ወደ ፍጹም ፍቅር ተጠርቷል ይላል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስም በ2018 ባወጡት ጋውዴቴ ኤት ኤክሱልታቴ በተባለ ጽሑፍ በጎረቤታችን ስላሉት፣ ልጆቻቸውን በትዕግሥት ስለሚያሳድጉ ቅዱሳን ጽፈዋል። እኔ ይህን ምዕራፍ ሳነብ ደስ ይለኛል። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ያሉትን፣ ያን ያህል ነውር የነበረባቸውን ሰዎች፣ ቅዱሳን ብሎ ሲጠራ ያለው ይህንኑ ነው (1ቆሮ. 1፥2)።

ሂሴ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ቅድስና የሁሉ ጥሪ ነው ያለችው ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ የሚለውን ስም ግን በምርመራ፣ በማኅደርና በዐዋጅ ለተመረጡ ታቆየዋለች። በ1983 የተሻሻለውን ሥርዓት ተመልከቱ። የሰውየው ምግባር በጥንቃቄ ይመረመራል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ምርመራው በቂ አይደለም፤ ከሞተ በኋላ በምልጃው የተደረገ ተአምር ይጠየቃል። ሰማዕት ብፁዕ ለመባል ከዚህ ነጻ ነው፤ ቅዱስ ለመባል ግን ተአምሩ በተለምዶ ይፈለጋል። አሁን ወደ አባ ገብረ ሚካኤል ተመለሱ። ምንኵስና ስለ ላላ ያዘነ፣ እውነትን ሲፈልግ አገር ያቋረጠ፣ በግንድ ታስሮ ቃሉን ያልለወጠ ሰው ነው። የአንድ በሽተኛ መፈወስ በዚህ ላይ ምን ይጨምራል? ቅድስናው ክርስቶስን በመምሰሉ ከሆነ ማስረጃው በመንገድ ላይ ሞቶ ተገኝቷል። ተአምር የሚጠብቀው መዝገብ ግን ቅዱሱን ለእኛ በሚሰጠው ጥቅም መመዘን ይጀምራል፤ ከአርአያነት ወደ ረዳትነት የሚወስደው መንገድ ይህ ነው። ደግሞም መቃብሩ አለመታወቁን አስቡ፤ የሚሳለሙት ዐፅም የሌለው ሰው ምስክርነቱ ብቻ ቀረ። ለእኔ ይህ ጉድለት አይመስለኝም።

ሥሩ ከዚህ ይጠልቃል። ትሬንት በ1547 በስድስተኛው ስብሰባው መጽደቅ የኃጢአት ስርየት ብቻ ሳይሆን የውስጥ መቀደስም ነው አለ። ሰው በእግዚአብሔር ፊት የሚቆምበት መሠረት ገና እያደገ ያለው ቅድስናው ከሆነ ማን በድፍረት ሊቀርብ ይችላል? ያልጎደላቸው ሰዎች ያስፈልጉታል። የቅዱሳን ትሩፋት የጎደለንን ይሞላል የሚለው አሳብ የበቀለው ከዚህ ፍርሃት ነው። ካልቪን ከክርስቶስ ሁለት ጸጋ በአንድነት እንቀበላለን ብሎ አስተማረ፤ መጽደቅንና መቀደስን። አይለያዩም፤ አይቀላቀሉምም። የመጀመሪያው ተፈጽሞ ስለ ተሰጠን ሁለተኛውን ያለ ፍርሃት እንከተላለን።

እንከተላለን ስል ግን ድምፄ ይቀንሳል። ቅድስናን ተከታተሉ፣ ያለ እርሱ ጌታን የሚያይ የለም የሚለው ትእዛዝ (ዕብ. 12፥14) በስብከቶቻችን ውስጥ ስንት ጊዜ ይሰማል? ጌታን ከተቀበልሁ ዳንሁ ማለትን ለአዲስ አማኝ በአንድ ቀን እናስተምረዋለን። ጾም፣ ምሥጢረኛ ጸሎት፣ ንስሓ፣ ገንዘብን አለመውደድ፣ ምላስን መግዛት የሚባለውን ግን ከኦርቶዶክስ ቤቱ ይዞ የመጣውን እንኳ እንዲጥል እንረዳዋለን። ከእናቱ ቤት ረቡዕና ዓርብን የጾመ ወጣት እኛ ዘንድ ከመጣ በኋላ ስንት ቀን ጾመ?

ስለ ራሳችን

የአውግስበርግ መግለጫ በ1530 በ21ኛው አንቀጹ የቅዱሳን መታሰቢያ እምነታቸውንና መልካም ሥራቸውን እንድንከተል በፊታችን ሊቀርብ ይችላል ብሎ ጽፏል። መከላከያው ደግሞ የሚገባቸውን ክብር ሦስት አድርጎ ይዘረዝራል፦ ስለ እነርሱ እግዚአብሔርን ማመስገን፣ በተደረገላቸው ምሕረት እምነታችንን ማጽናት፣ እምነታቸውንና እያንዳንዱ በጥሪው የሠራውን መከተል። ከቫቲካን ሦስት ነጥቦች ጋር አስተያዩት፤ የሚለያዩት በመጨረሻው፣ በእርዳታ ልመናው፣ ላይ ነው። እኛ ግን ሦስተኛውን ስንቃወም ሌሎቹንም አብረን ቀበርን። ከዚያም ባዶው ቦታ ባዶ ሆኖ አልቀረም። የሞቱትን ማሰብ የተውን ሰዎች ሕያዋን ነቢያትን በፎቶ፣ በተቀባ ዘይትና በተባረከ ውኃ እንከተል ጀመር። ኑሮው ገና ያልተፈጸመ፣ ፍጻሜው ያልታየ ሰው ነው የምናከብረው፤ ዕብራውያን 13፥7 ግን የኑሯቸውን ፍሬ ተመልክታችሁ በእምነታቸው ምሰሏቸው ይላል። በዚህ በኩል የሮም ጥንቃቄ ከእኛ ይበልጣል፤ ቢያንስ ሰውየው እስኪሞት ትጠብቃለች።

እንግዲህ በወሩ በ12 የእናቱ ተራ ስለ ደረሰበት ልጅ። የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። ከቤት አይጥፋ። እንግዳ ይቀበል፣ እጅ ያስታጥብ፣ ምግቡን ያቅርብ፤ እናትን ማክበር ትእዛዝ ነው። ወደ ሚካኤል በሚቀርበው ጸሎት ግን አሜን አይበል፤ በስሙም ስለት አይሳል። ስለ መብላቱ 1ኛ ቆሮንቶስ 8 እና 10ን ይዛችሁ ከእርሱ ጋር ተነጋገሩ፤ ከእናንተ አንዳንዶች ከእኔ የጠበቀ ውሳኔ ታደርጉ ይሆናል፤ በዚህ አንጣላም። ብቻ እማዬ፣ የሚካኤልን አምላክ ነው የምለምነው ሲላት በቁጣ አይሁን። ቅዱሳን ምንም አይደሉም ብሎ እንዲናገርም አታስተምሩት፤ ምክንያቱም ውሸት ነው።

ደግሞም የራሳችንን ሰዎች ስም ስጡት። አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም የተወለዱት በይፋግ ነው፤ ይፋግ ከአዲስ ዘመን ቅርብ ናት። በልጅነታቸው ወደ ምፅዋ ወርደው በምንኩሉ በስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ተማሩ፤ በጎጃም ቅኔ ተቀኙ፤ በበጌምድር አስተማሩ፤ በ1905 በርሊን ሄደው አማርኛና ግዕዝ አስተማሩ። የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ የተባለው መጽሐፋቸው በ1914 ዓ.ም. አስመራ ላይ ታትሟል። ከበርሊን ሲመለሱ በሃይማኖት ተከስሰው ታሰሩ፤ በ1924 ዐረፉ። ይህን ሰው በአገሩ በደቡብ ጎንደር ካሉ አብያተ ክርስቲያናት ስንቶቹ ከመድረክ ጠርተው ስለ እርሱ እግዚአብሔርን አመስግነው ያውቃሉ? ስለ ጉዲና ቱምሳስ፣ በ1979 ተገድሎ ዐፅሙ ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1992 ስለ ተገኘው?

ለሴሚናሪ መምህራን የማቀርበው አሳብ አንድ ነው። በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ትምህርት ላይ የአባ ገብረ ሚካኤልንና የአለቃ ታዬን ሕይወት በአንድ ሳምንት አስተምሩ፤ ሁለቱም ከዚህ ደጋ አካባቢ የተነሡ፣ ሁለቱም በመጻሕፍት ፍለጋ የጀመሩ፣ ሁለቱም ስለ እምነታቸው የታሰሩ ናቸውና። ከዚያም ተማሪዎቹ ሁለት ነገር ጽፈው ይምጡ፦ በእያንዳንዳቸው ሕይወት ውስጥ እግዚአብሔር የሚመሰገንበትን፣ እና የማይከተሉትን ከነምክንያቱ። የመቃብር ቦታ ተከልክለው በጭንቅ የሚቀብሩ የገጠር ጉባኤዎች ያሏችሁ መጋቢዎች ደግሞ ከቀብሩ በኋላ ባለው እሑድ ስለ ሟቹ በስሙ እየጠራችሁ አመስግኑ፤ ወደ እርሱ ሳይሆን ስለ እርሱ።